ሃያ አንድ ተኩል

ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ በየወሩ እየሄድኩ ደም ግፊቴን እለካለሁ። ነርሷ የምትነግረኝን ቁጥር ግን እንዲሁ አልቀበልም፤ አንገቴን አስግጌ መሣሪያው ላይ ያለውን አይቼ በራሴ ደብተር እጽፈዋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እስከዛሬ ሳልመነጠር የኖርኩትም በዚሁ ነው ብዬ አምን ነበር። ኮልፌ ሥጋ ስገዛ ከሥጋው ይልቅ ሚዛኑን አያለሁ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ እቀመጣለሁ። መንገድ እንለካለን ብለው አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም የቀቡትን ልጆች መታወቂያ አምጡ ብያቸዋለሁ። ሟች ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጠና ተራ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኪሱን ስፈትሽ ኖሬ ከሰጋቱራና ከእርሳስ ቁራጭ በቀር አንድም ነገር አላገኘሁበትም። ያ ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር።

ባለፈው ወር ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ ነርሷ ያቺን ግንባር ላይ የሚደቅኗትን ሽጉጥ መሳይ ሙቀት መለኪያ ይዛ መጣች። ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋ ስትደርስ፣ «ልጄ፣ ይቺ አትገለበጥም እንዴ?» አሏት። «አልገባኝም አባባ» አለች። «ሙቀት መለኪያ ካልተገለበጠ ያየውን ይረሳል እኮ» አሏት። ነርሷ ሳቀች፣ ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በመላው አዲስ አበባ ሙቀት መለኪያ መገልበጥ አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ቢፈለግ ከሁለት በላይ አይገኝም፣ አንዷ እኔ ነኝ። ዞር ብዬ ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ይህ ሰው ተከታትሎኝ ነው የመጣው የሚል ነበር።

ምጽዋ የወረድኩት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። የጽሕፈት መኪና ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ አንድ የባሕር ጥናት ክፍል ታይፒስት ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። እናቴ «ከባሕር ዓሣ እንጂ ደመወዝ ሲወጣ አልሰማሁም» ብላ ተጠራጠረች፤ ጥርጣሬው የቤተሰብ ነው። እኔ ግን ሄድኩ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣልኝ ሙቀቱ ነው፤ የታጠበ ቀሚስ ገመድ ላይ አስጥተሽ ዞር ሳትዪ ይደርቃል፣ ጨው ግን ይቀርበታል፣ ሲለብሱት ይኮሰኩሳል። ከባቡር ጣቢያው እስከ ወደቡ በጋሪ ስሙኒ ነበር። የወደቡ ማዕዘን ላይ በረዶ ከሚመረትበት ቤት ጎን አንድ ሽማግሌ ግራኒታ የሚሉትን ጣፋጭ የተፈጨ በረዶ ይሸጡ ነበር፤ በአሥር ሳንቲም አንድ ብርጭቆ፣ የሎሚው አረንጓዴ፣ የሮማኑ ቀይ። የሮማኑ ቀለም እንጂ ሮማን እንደሌለበት በሁለተኛው ቀን ደርሼበታለሁ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እግሩ የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው አፍሯቸውን በሹካ ማበጠሪያ እየነፉ ደሴቱን ከየብስ በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ይመላለሱ ነበር። እኔም ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ያለች ቢጫ ጉርድ ነበረችኝ፤ አዲስ አበባ ብለብሳት እናቴ ትገድለኝ ነበር። ወደ ማታ ከበረዶ ቤቱ ራዲዮ የሚመጣው ዘፈን በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ እስከ መስኮቴ ይደርሳል። ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ከየሱቁ በር ላይ አምስት ዘፈን በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ አንዱን እንኳ ይዤ ቤቴ አልገባም።

መሥሪያ ቤታችን ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የሚንቋቋበት ቤት ነበር። አንዲት የጥናት ጀልባ ነበረችን። ጀልባዋ ላይ ብዙ ሰው ይሠራ ነበር፣ ለዚህ ታሪክ ግን ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ጌታሁን ነው፤ እንደ እኔ ከሸዋ የወረደ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ወጣት። ሁለተኛው ኢድሪስ፣ የዚያው የምጽዋ ልጅ፣ ሽቦ የሚጠቀልለውን ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ በሳቀ ቁጥር ጀልባዋን የሚያናውጥ ሰው። ሥራቸው እንዲህ ነው። ከረጅም ሽቦ ላይ የናስ ጠርሙሶች በየርቀቱ ይታሰራሉ፤ እያንዳንዱ ጎኑ ላይ ሙቀት መለኪያ አለው። ኢድሪስ ሽቦውን ወደ ታች ይለቀዋል፤ መቶ፣ ሦስት መቶ፣ እስከ አንድ ሺህ ሜትር ድረስ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መልእክተኛ የሚሉትን ትንሽ ብረት በሽቦው ላይ ይልኩታል። ብረቱ ሲደርስ ጠርሙሱን ይመታዋል፣ ጠርሙሱ ውኃውን ይዞ ይዘጋል፣ ይገለበጣል። ሙቀት መለኪያውም አብሮ ተገልብጦ በዚያች ቅጽበት ያየውን ሙቀት እንደያዘ ይቀራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ በሙቁ ውኃ ቢያልፍም አይሳሳትም። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ጌታሁን ነው። ሲያስረዳኝ ብቻ ነበር ዓይኔን የሚያየው።

ጌታሁን የሚያነበውን ጀልባዋ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ወረቀቱ ረጥቦ፣ ቅባት ጠጥቶ ይመጣልኛል፤ እኔ በታተመው መዝገብ ላይ በጽሕፈት መኪና አሳምሬ እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ የእርሳሱ ወረቀት ይጣላል፣ ደንቡ ነው። መዝገቡ ግን የታተመው ለወደቡ ውኃ ነበርና የሙቀቱ ዓምድ ጠባብ ነው። አለቃችን «በዲግሪና በተኩል አድርጊው፣ ንጹሕ ይሁን» ብሎኝ ነበር። እኔም ንጹሕ ነገር እወዳለሁ። የእኔን መዝገብ ያየ ሰው፣ ባሕሩን ራሱ በማስመሪያ ያሰመርኩት ይመስለው ነበር።

ከጌታሁን ጋር ነገሩ የጀመረው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። እሱ ያመጣል፣ እኔ «ይህ ሦስት ነው ወይስ ስምንት?» እለዋለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያያል። ስምንቱን ከሦስቱ መለየት ቶሎ ነበር የቻልኩት፤ መጠየቁን ግን አልተውኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ በድልድዩ ላይ አብረን መሄድ ጀመርን። ኢድሪስ ከሩቅ ሲያየን እጁን አፉ ላይ አድርጎ እልል ይልብን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኛል ጌታሁን። እኔም በልቤ እሺ ብያለሁ፤ በአፌ ግን «እናያለን» ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም በአፍ እሺ ማለት እጅ መስጠት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን መዝገቡን ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ነገሩን አየሁት። ላይኛው ውኃ ሠላሳ ዲግሪ፣ ዝቅ ሲል ሃያ ስድስት፣ ሃያ አራት፤ እሺ። ከሦስት መቶ ሜትር በታች ግን ሃያ አንድ ተኩል። አራት መቶ፣ ሃያ አንድ ተኩል። ሰባት መቶ፣ ሃያ አንድ ተኩል። አንድ ሺህ፣ ሃያ አንድ ተኩል። በሌላው ቀን፣ በሌላው ወር፣ በሌላ ሥፍራ፣ ያው ነው። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ውኃ በጠለቀ ቁጥር እንደሚቀዘቅዝ ከግቢያችን ጉድጓድ አውቃለሁ፤ የላዩ ለእጅ መታጠቢያ፣ የታቹ ጥርስ የሚያደነዝዝ። አለቃችንም የደጋ ሰው ነው፣ ስለ ትልልቆቹ ውቅያኖሶች የሚያወራ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረው፤ ታቹ ሁለት ሦስት ዲግሪ ነው ይላል መጽሐፉ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። ጌታሁን ጠርሙሱን ሳይሰድ፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ አንድ ቁጥር እየደጋገመ ነው የሚጽፈው አልኩ። ባሕርን የዋሸ ሚስቱን መዋሸት ምን ይሳነዋል? ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን መዝገቡን ይዤ አለቃችን ክፍል ገባሁ። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሁሉ በሰው ላይ ዓይኑን ጣል እንዲያደርግ የሚመከርበት ነበር፤ አለቃው ሲያዳምጠኝ የኮራሁትን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፣ ብረሳው እመርጥ ነበር። «የእኔ ስም እንዳይነሣ» አልኩት። አልተነሣም። ጌታሁንን በሳምንቱ አባረሩት፤ ፋይሉ ላይም «ሐሰተኛ ንባብ» ብለው ጻፉበት።

ሲሄድ እጽፍልሻለሁ አለኝ። ጻፈም፤ ሦስት ደብዳቤ። አልመለስኩም። የዋሸ ሰው ደብዳቤውስ ምን እውነት አለው? ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተበተነ፣ ጊዜውም ተገለባበጠ፣ እኔም እቃዬን በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ኮልፌ ያን ጊዜ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነበረች፣ ታክሲ እስከ ጦር ኃይሎች አሥራ አምስት ሳንቲም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ግን የጣልኩት ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር፣ ከሌባ ያመለጥኩ እንጂ።

ክሊኒኩ ውስጥ ዞር ስል እሱ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ያ ቀጭን አንገት ግን ያው ነው።

«ይቅርታ፣ እርስዎ...» አለ።

«ሙሉነሽ ነኝ» አልኩ፤ እንዲያስታውሰኝ ሳይሆን፣ ሳያስታውሰኝ ቀርቶ የሆነ ነገር እንዳይቀጣጥፍ።

«የጽሕፈቷ ሙሉ! በስመ አብ!» ብሎ ሦስቴ ሳመኝ። ከደስታ ይሁን ከሌላ ነገር አላወቅሁም፤ ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁ።

ክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለች ካፌ ገባን። እኔ ሻይ አዘዝኩ። እሱ ስፕሪስ አዘዘ። ሲመጣለት አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሐል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ሦስት ቀለም ተደራርቦ። አየው እንጂ ማንኪያውን አላነሳም።

«አትጠጣም?»

«ስኳር አለብኝ። ላሳይሽ ነው ያዘዝኩት።»

ምን ሊያሳየኝ ነው? የሚጠጣ ነገር ለማሳየት የሚያዝዝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ወንበሬን ወደ በሩ አጠጋሁ።

«በምጽዋ ያባረሩኝ ለምን እንደሆነ ሰምተሽ ይሆናል» አለ። «አልዋሸሁም ነበር፣ ሙሉ። ይህን ለአንድ የሚያውቀኝ ሰው ሳልናገር እንዳልሞት እመኝ ነበር።» ጣቱን ብርጭቆው ላይ አደረገ። «አየሽ፣ ከባዱ ታች ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ክብደቱ ነው የወሰደው። ቀይ ባሕር ዝናብ የለውም፣ ይህ ነው የሚባል ወንዝም አይገባበትም። ውኃ የሚያገኘው በደቡቡ ጠባብ በር፣ ከውቅያኖስ ነው። ያ ውኃ ላይ ላዩን ወደ ሰሜን ሲጓዝ ፀሐይ ውኃውን እየጠጣች ጨውን ትተውለታለች። ሰሜኑ ጫፍ፣ ስዊዝ በኩል ሲደርስ፣ በታኅሣሥ በጥር ከበረሃው የሚመጣ ደረቅ ብርድ አለ፤ ያበርደዋል። ጨው የበዛበት ውኃ ሲበርድ ምን ይሆናል?»

«ይከብዳል» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ይከብድና ይሰምጣል! ከዚያ ታች ታቹን ወደ ደቡብ ይመለሳል፣ የባሕሩን ሆድ ሁሉ ይሞላል። እኛ ከሦስት መቶ ሜትር በታች የምናገኘው ውኃ ሁሉ ያ ነው። የአንድ ሰፈር ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱም አንድ ነው። የሰሜኑ ብርድ ደግሞ ምን ብርድ ነው? ሃያ አንድ ዲግሪ ነዋ!»

«የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ውኃስ? የታቹ? ለምን አይገባም?» አልኩ። የአለቃችን መጽሐፍ ትዝ ብሎኝ ነው።

«ደፍ አለዋ። ደቡቡ በር አጠገብ የባሕሩ ወለል እንደ ቤት ደፍ ከፍ ይላል፤ ከመቶ ምናምን ሜትር አይበልጥም ጥልቀቱ። የውጪው ብርድ ከደፉ በታች ሆኖ ይቀራል። የውስጡ ግን ሲበዛ በደፉ ላይ ከሥር ከሥር እየተንሸራተተ ይወጣል፣ የውጪው ከላይ ይገባል። ታች የገባው ውኃ እስኪወጣ ብዙ አሥርት ዓመት ይፈጅበታል ይላሉ። ምናልባት እኔ የለካሁት ውኃ አሁን ገና በደፉ ላይ እያለፈ ይሆናል።»

ሻዬ ቀዝቅዟል። በዚህ ዕድሜው ይህን ሁሉ ለምን ያስረዳኛል? እኔ መሆኔን ያውቃል፣ ቀስ እያለ እያሳሳቀ ሊወስደኝ ነው አልኩ። «ማን ነው ግን ያሳበቀብህ?» አልኩት፤ ወጥመዱን ለማየት።

ፊቱ ጠቆረ። «ኢድሪስ ነዋ። ከእሱ በቀር ጀልባዋ ላይ ንባቤን የሚያይ ማን ነበር? ፋይሌ ተበላሽቶ ቢሮ የሚባል ነገር ዳግም አልተቀበለኝም፤ ሃያ ምናምን ዓመት የጭነት መኪና ነዳሁ። ይህ አይቆጨኝም። ወንድሜ ነበር፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። አሁን ጂዳ ልጁ ዘንድ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ሰላምታ ላከልኝ። አልመለስኩም።»

እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። አልተናገርኩም። አስኮ ከልጁ ጋር እንደሚኖር ነገረኝ፣ አድራሻውን ጻፈልኝ፣ ስፕሪሱን ሳይነካ ትቶት ተነሳ።

ቤቴ ስገባ ተከራዬ ሰብለ ልብስ ታሰጣለች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ጥሩ ልጅ ትመስላለች፣ ለዚህም ነው ኪራይ በከፈለች ቁጥር የማስፈርማት። «እስቲ በዚያ ስልክሽ እዪልኝ፤ ቀይ ባሕር ታቹ ስንት ዲግሪ ነው?» አልኳት። እርጥብ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ፈለገች። «እማማ፣ የሚገርም ነው! እስከ ወለሉ ድረስ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ነው የሚለው። ጥልቅ ባሕር ሆኖ እንዲህ የሚሞቅ ብዙ የለም። ለምን ፈለጉት?» «ሌላም ቦታ እዪ» አልኳት። አየች። «እዚህም ያው ነው።» «ጌታሁን የሚባል ሰው አናግሮሽ ነበር?» አልኳት። ልጅቷ እንደ እብድ አየችኝ።

በሬን ዘግቼ የቆርቆሮውን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። የእርሳሱ ወረቀት ይጣላል ብያለሁ፤ እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ወራት ወረቀቶች አልጣልኩም ነበር። አንድ ቀን ሰው «ማስረጃሽ የታለ?» ቢለኝ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ግን ፈትቼ አላየኋቸውም፤ የማውቀውን ነገር ምን ላይ? መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የጌታሁን እርሳስ ደብዝዟል፣ ይነበባል ግን። አራት መቶ ሜትር፦ ሃያ አንድ ነጥብ አምስት ስምንት። አምስት መቶ፦ ነጥብ አምስት ስድስት። ሰባት መቶ፦ ነጥብ ስድስት አንድ። አንድ ሺህ፦ ነጥብ ስድስት ስምንት። አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። በአንደኛው ጠርዝ ላይ «መልእክተኛው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ደገምነው» ብሎ ጽፏል። በሌላው፣ «ስድስት ይሁን ስምንት ተጠራጥሬ ኢድሪስም አየው»። የሚዋሽ ሰው የነጥብ ስምንትን ነገር ምን አስጨነቀው? ሃያ አንድ ተኩል የሚል ቁጥር እነዚያ ወረቀቶች ላይ አንድም ቦታ የለም። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ነጥቡን ወደ ተኩል ለውጬ ወዲያው እረሳው ነበር። ዓምዱ ጠባብ ሆኖ፣ ንጹሕ እንዲሆን፣ ልዩነቱን ሁሉ በጣቴ እየቆረጥኩ ጥዬ፣ መልሼ ደግሞ ለምን አይለያይም ብዬ ሰው ከሰስኩ። አለቃውም ያየው መዝገቡን ብቻ ነው። ወረቀቱን አምጪ አላለኝም፣ እኔም አላሳየሁትም።

አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ለእሱ ይሁን፣ ለዚያች ባለ ቢጫ ጉርድ ልጅ፣ ኪሱ ሲፈተሽ ለኖረው ለባለቤቴ። ሰብለ በሩን አንኳኳች። «እማማ ደህና ነዎት?» «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» አልኳት። ከዚያ ተነስቼ ከፈትኩላት፤ በሬ ላይ ቆማ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወረቀቶቹን ይዤ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አፍርሰው እየሠሩት ነው፤ ታክሲው ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ። በቆመ ቁጥር ልወርድና ልመለስ አስቤያለሁ። ሊጮህብኝ ይችላል፣ ልጁን ሊጠራብኝ ይችላል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል፤ ደግሞ ምን አገባኝ፣ ኢድሪስ እንደሆነ ሰባ ሰማንያ ደርሷል፣ የተቀየመ ሰው ሞልቷል አልኩ። ግን ጂዳ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ በእኔ ኃጢአት ተረግሞ እየሞተ ነው፤ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ልወርድ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጌታሁን ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ ሳልጨርስ ወረቀቶቹን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የራሱን ጽሕፈት ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ኢድሪስ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። መዝገቡን ይዤ አለቃው ጋ የገባሁ እኔ ነኝ። ቁጥሩን አንድ ያደረግሁትም እኔው ነኝ፣ በተኩል ስገለብጥ። ሳላውቅ ነው፤ ሳላውቅ ነው ብዬ ግን ልታረቅህ አልመጣሁም።»

ጎረቤት ሰው ብረት ይበይዳል፣ ይቆማል፣ ይበይዳል።

«እኔ እኮ ሁሉንም ጠርጥሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አለቃውን፣ የጀልባዋን ሹፌር፣ ግራኒታ ሻጩን ሳይቀር። አንቺን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።»

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ቢመታኝም ይሻል ነበር።

«ለምን ደብዳቤዬን አልመለስሽም? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«አላመንኩህም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከኪሱ ቦርሳ ውስጥ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣ፤ የስልክ ቁጥር ናት። አልመለስኩም ያለው ሰው ቁጥሩን ግን አልጣለውም። «በኢንተርኔት እንዴት እንደሚደወል ልጄ አሳይቶኛል» አለ። «ግን ምን ብዬ ልጀምረው? አንቺ ተናገሪ። አንቺ ነሽ መናገር ያለብሽ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው። ጠራ፣ ጠራ። አንዲት ሴት በዐረብኛ አነሳች፤ ጌታሁን የኢድሪስን ስም ጠራላት። ኮሽታ ተሰማ፣ ሳል ተሰማ።

«ሀሎ?»

«ኢድሪስ፣ ሙሉነሽ ነኝ። ከምጽዋ።»

«ሙሉ? የጽሕፈቷ ሙሉ? ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ያው ነው።

«ኢድሪስ፣ ጌታሁንን አንተ ያስባረርከው መስሎት ነው እስከዛሬ የተቀየመህ። ያሳበቅሁት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ኢድሪስ። «በረንዳው ላይ ሽቦውን ቅባት እየቀባሁ ነበር እኮ። መዝገቡን ደረትሽ ላይ ይዘሽ ስትገቢ አየሁሽ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰማሁሽ።»

ጌታሁን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?» አልኩ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንተን ሲጠላ?»

«እንዴት ልንገረው? ልታገቢው አልነበር እንዴ? ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ላደርገው ነው? ለእኔ ይሁን፣ እኔን ይጥላኝ አልኩ። ጓደኛ ሌላም ያገኛል።» እንደገና ሳለ፣ እንደገና ሳቀ። «አሁን እሱን ተዪው፣ ያለፈ ነው። ይልቅ ልጆቻችሁ ስንት ናቸው? አድገዋል? ማንን መሰሉ?»

ጌታሁን አየኝ። እኔም አየሁት።

«ሀሎ?» አለ ኢድሪስ። «አትሰሙኝም እንዴ?»